ዳገት ወጥታ ሜዳ ላይ የምትጠፋ መኪና

የአባይን በረሃ ሙሉ ጭነት ይዛ ወጣችው። ደጀን ስንደርስ ውሃ እንኳ አልጠየቀችም። ሉማሜን አለፍን። ከዚያ ወዲያ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ ለመኪና እንደ ዕረፍት ነው። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው። እዚያ ላይ፣ በ60 እየተንሸራሸርን፣ ሞተሩ ድንገት ዝም አለ። ማሳል የለ፣ ማንገራገር የለ። አንድ ሰው ቁልፉን አዙሮ ያጠፋው ነው የሚመስለው። ደንግጬ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ ከኋላ «ዷ!» አለና ተመልሶ ሠራ። መንገድ ዳር በግ የሚጠብቅ ልጅ በርግጎ ዱላውን ጣለ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች የቤንዚን ሃይሉክስ ፒክአፕ። ኮምፒውተር የላትም፣ ሴንሰር የላትም። ቆሞ የሚያስቸግር ነገር የላትም ማለት ይቻል ነበር፣ ይህ ባይመጣ።

ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ አደረገችኝ። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀየርን። የካንዴላ ገመድ ቀየርን። ቦቢና ቀየርን፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ቁልፍ ቤቱ ተቀየረ። የቤንዚን ፖምፓው ተፈትቶ ታጠበ። በየጋራዡ ታሪኩ አንድ ነው። ኮፈን ይከፈታል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ እንደ ስፌት መኪና ይሠራል። «ታዲያ ምን ሆነች?» ይሉኛል። መልስ የለኝም። ጥርሱን አሞት ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ የተወው ሰው ሆንኩ።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ሁሌ ያለ ብልሽት ዕቃ በመቀየርም ይገኛል። አንዳንዴ የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ግን እንዲያ አይገኝም። ዕቃ ቀይረህ ሦስት ቀን ደህና ከሆነች ዳነች ትላለህ። አልዳነችም፣ ተራዋ አልደረሰም እንጂ። እንዲህ ያለውን ጥፋተኛ እጅ ከፍንጅ መያዝ ነው ያለው። ለመያዝ ደግሞ እሳቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

12 ቮልት እንዴት 20 ሺህ ይሆናል?

ባትሪው ያለው 12 ቮልት ብቻ ነው። የካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችው ክፍተት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም። ግን በታመቀ ቤንዚንና አየር መሃል ናት። እሷን ዘሎ ለማለፍ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል። ቮልቱን የሚያበዛው ዕቃ ቦቢና ይባላል። ጤነኛ ቦቢና ከ20 ሺህ በላይ ማውጣት ይችላል።

የቡሄን ጅራፍ አስቡት። ልጁ ጅራፉን በራሱ ዙሪያ ሲያዞረው ድምፅ የለውም። ድንገት ወደ ኋላ ሲመልሰው ነው ጫፉ የሚጮኸው። ኃይሉ የተጠራቀመው ሲዞር ነው፣ የወጣው ግን ሲቋረጥ ነው።

ቦቢናም እንደዚያው ነው። ውስጡ ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። አንዱ ወፈር ያለ ነው፣ ጥቂት መቶ ዙር ብቻ ተጠምጥሟል። ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ በብዙ ሺህ ዙር የተጠመጠመ ነው። የባትሪው ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ሲያልፍ ቦቢናው ማግኔት ይሆናል። ይህ ጅራፉ የሚዞርበት ጊዜ ነው። ከዚያ ኤሌክትሪኩ ድንገት ይቆረጣል። ማግኔቱ ባንዴ ይፈርሳል። ሲፈርስ ቀጭኑ ጥቅል ላይ ያ ሁሉ ቮልት ይወለዳል። ልብ በሉ፣ እሳቱ የሚመጣው ኤሌክትሪኩ ሲገናኝ ሳይሆን ሲለያይ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ቆራጩ ፑንቲና ይባላል። እሳቱን ለየሲሊንደሩ በሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ናቸው። አንዱ ቋሚ ነው፣ አንዱ ተከፋች። መሃል ላይ የሚዞረው ዘንግ ጉብታዎች አሉት። ጉብታው ሲመጣ ፑንቲናው ይከፈታል፣ ሲያልፍ ይዘጋል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ ሲዞር ፑንቲናው 6 ሺህ ጊዜ ይከፈታል። በሰከንድ 100 ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራው ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ብረት ናት። ያውም በፒስታ መንገድ፣ በአቧራ።

ጎኑ ላይ ደግሞ ጣት የምታክል ቆርቆሮ አለች። ኮንደንሰር ናት። ፑንቲናው ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን ዘሎ ሊቀጥል ይሞክራል። ኮንደንሰሯ ያንን ዋጥ ታደርገዋለች። እሷ ባትኖር መቆረጡ ድንገተኛ አይሆንም፣ ጅራፉም አይጮኽም። ፑንቲናውም በአጭር ጊዜ ተቃጥሎ ይጠቁራል። ፑንቲናዎ በየወሩ የሚቃጠል ከሆነ ፑንቲና አይግዙ፣ ኮንደንሰሯን ጠርጥሩ።

ከፍተኛው ቮልት በወፍራም ገመድ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ይመለሳል። ክዳኑ ስር የምትዞር ሮተር አለች። ተራው ለደረሰው ሲሊንደር ታድላለች። ባለ አራቱ የቶዮታ ሞተር ላይ ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ዘዴው በአጠቃላይ ያረጀ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ካበጀው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱን በደንብ ያዙልኝ። ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ቋሚ አይደለም። በትንሹ ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል። የሚስበው ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ላይ የተለጠፈ ክብ ቆርቆሮ ነው። ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር በቀጭን የጎማ ቱቦ አየር ይሳብበታል። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ ቀለል ባለ መንገድ ነዳጅ በትንሹ ተረግጦ ስትሄድ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ድብልቅ ስስ ነው፣ ቀስ ብሎ ይቃጠላል። ስለዚህ እሳቱ ቀደም ብሎ መምጣት አለበት። ያን ጊዜ ቱቦው አየር ይስባል፣ ሳህኑ ይዞራል፣ እሳቱ ይቀድማል። ዳገት ላይ ነዳጅ እስከ ወለል ሲረገጥ መሳቡ ይቀራል፣ ሳህኑም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሳህኑ በዞረ ቁጥር ከፑንቲናው ወደ ውጭ የምትወጣ አንዲት ቀጭን ሽቦ አብራው ትታጠፋለች። ይህችን ሽቦ አትርሷት።

ቤንዚን ነው ወይስ እሳት?

የጎጃም መንገድ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ፈተና ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሲወረድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ታች ሙቀቱ ሌላ ዓለም ነው። ከዚያ ወደ ደጀን በዝቅተኛ ማርሽ፣ ነፋስ ሳያገኙ፣ ሽቅብ። በዚህ መሃል ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ሊተን ይችላል። ፖምፓው ፈሳሽ እንጂ ትነት መሳብ አይችልም፣ ስለዚህ ሞተሩ ይራባል። ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቤንዚን በዝቅተኛ ሙቀት ይተናል። ሾፌሮች ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚጠመጥሙት ለዚህ ነው። ዘዴው ይሠራል።

ታዲያ በምን ይለያል? በአሟሟቱ። ቤንዚን ያጣ ሞተር ባንዴ አይሞትም። ጉልበቱ ይደክማል፣ ያስለዋል፣ ይንገጫገጫል፣ ትንሽ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። እሳት ያጣ ሞተር ግን እንደ መብራት ድርግም ነው።

ሁለተኛው ምልክት ያ «ዷ!» ነው። እሳቱ ሲጠፋ ሞተሩ በጎማው ኃይል መዞሩን ይቀጥላል። ቤንዚን መሳቡንም አላቆመም። ያልተቃጠለው ቤንዚን የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ይጠራቀማል። እሳቱ ሲመለስ ባንዴ ይቀጣጠላል። «ዷ!» የሚል መኪና ቤንዚን አላጣም ማለት ነው። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ፖምፓውን ባላስፈታሁ።

መኪናዋ ጠፍታ አልነሳ ካለች ደግሞ የአየር ማጣሪያውን ክፈቱና ካርቡራተሩ ውስጥ ተመልከቱ። በእጅ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ ሳቡት። ቤንዚን በቀጭኑ ፊጭ ካለ ነዳጅ ደርሷል። ሲጋራ በአቅራቢያው እንዳይኖር መቼም አልነግራችሁም።

ከዚያ እሳቱን እዩ። ትርፍ ካንዴላ ያዙ። አንዱን ገመድ ንቀሉና ትርፉን ካንዴላ ሰኩበት። የካንዴላው ብረት አካል ሞተሩን ይንካ፣ በእጅ ሳይሆን በሆነ ነገር ታስሮ። ሌላ ሰው ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ያዙር። ሰማያዊና «ጣ ጣ» የሚል እሳት ጤነኛ ነው። ብጫ ወይም ቀይ፣ የቀጠነ ከሆነ ደካማ ነው። ገመዱን በእጅ ይዞ መሞከርን ጀግንነት የሚያደርጉ አሉ። የልብ ችግር ያለበት ሰው ላይ አይቀለድበትም። እናንተም አትቀልዱበት።

አምፖሏ

የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ካለ ጥሩ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ከቴስተር ይልቅ ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖልና ሁለት ሽቦ እመርጣለሁ። አንደኛውን ሽቦ ማሳ ላይ እሰሩ። ማሳ ስል የጤፉን አይደለም፣ የመኪናዋን አካል ነው። ሌላውን ሽቦ ቦቢናው ላይ ወዳሉት ሁለት ትንንሽ እግሮች በየተራ አስጠጉ።

ቁልፉን ክፈቱና መጀመሪያ ፖዘቲቩን ንኩ። ከበራ ኤሌክትሪክ ቦቢናው ድረስ መጥቷል። ደብዘዝ ብሎ ቢበራ አትደንግጡ። ብዙዎቹ መኪናዎች ከቦቢናው በፊት ሬዚስተር አላቸው፣ ቮልቱን ሆን ብሎ ይቀንሳል። ጨርሶ ካልበራ ጥፋቱ ከባትሪ እስከዚህ ባለው መንገድ ላይ ነው። ወይ ቁልፍ ቤቱ፣ ወይ ፊውዙ፣ ወይ ሬዚስተሩ፣ ወይ የላላ ሽቦ።

ቀጥሎ ኔጋቲቩን ነክታችሁ ሞተሪኖውን አስዙሩ። እዚህ ላይ አምፖሏ ብዙ ታወራለች። ብልጭ ድርግም ካለች ፑንቲናው እየከፈተና እየዘጋ ነው። ይህ ሆኖ ካንዴላው ላይ እሳት ከሌለ ቦቢናውን፣ ክዳኑን፣ ሮተሩን ፈትሹ። ሳትጠፋ በርታ ከቀረች ኤሌክትሪኩ በፑንቲናው በኩል ወደ ማሳ መውጫ አጥቷል። ፑንቲናው አይዘጋም፣ ወይ ቆሽሿል፣ ወይ ሽቦው ተበጥሷል። ጨርሶ ካልበራች ደግሞ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ከዲስትሪቢዩተሩ የሚመጣውን ሽቦ ከቦቢናው ንቀሉት። አሁን ከበራች ቦቢናው ደህና ነው፣ የሆነ ነገር ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ማሳ ነክቷል። አሁንም ካልበራች የቦቢናው ወፍራም ጥቅል ተበጥሷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉን ክፍት አድርጋችሁ ሻይ ልትጠጡ አትሂዱ። ፑንቲናው ተዘግቶ የቆመ ከሆነ ቦቢናው እየጋለ ሊቃጠል ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን መኪናዋ ጠፍታ ከቀረች ነው። የእኔዋ ጠፍታ አትቀርም። ስቆም ትነሳለች። ስለዚህ አምፖሏን ወደ ጋቢና አስገባኋት። ከቦቢናው ፖዘቲቭ ረዥም ሽቦ በመስኮት አሳልፌ፣ አምፖሏን መሪው አጠገብ በፕላስተር ለጥፌ፣ ከማርቆስ ወደ ሉማሜ ነዳሁ። ጠፋች። አምፖሏ እንደበራች ናት! የቀየርኩት ቁልፍ ቤት ንጹህ እንደነበር ያን ቀን አወቅሁ። ሲሞት በቦታው የነበረ አንድ ምስክር ማለት ይህ ነው። ኔጋቲቩ ላይ እንዲህ አምፖል አስራችሁ አትንዱ፣ የቦቢናውን ኃይል ይሻማል፣ እናንተንም ያሳስታችኋል።

እንድትጠፋ ማስገደድ

ብልሽቱ በራሱ ጊዜ እስኪመጣ መጠበቅ ያደክማል። ሦስት ነገሮች ያስወጡታል። ሙቀት፣ ውሃና መነቅነቅ።

ሙቀት ዋነኛው ነው። ግማሽ ሰዓት ነድተው የሚጠፋ፣ ሃያ ደቂቃ ሲያርፍ የሚነሳ መኪና ካለዎት ቦቢናውን ወይም ኮንደንሰሯን ጠርጥሩ። ውስጣቸው ያለው ስንጥቅ ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ቦቢና ድሮም ይሞቃል፣ በእጅ ነክቶ «ሞቋል፣ ይቀየር» ማለት ዋጋ የለውም። ይልቅ ስትጠፋ ቦቢናውን በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዙት። ወዲያው ከተነሳች ተያዘ። ወይም ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የፀጉር ማድረቂያ ተውሳችሁ አሙቁት። ፀጉር ቤቷ ትስቃለች፣ ግን ታውሳለች። በቴስተር ከለካችሁም ሁለት ጊዜ ለኩ፣ ቀዝቃዛ ሆኖና ሞቆ። ሬዚስተር ከውጭ ያለው ቦቢና ወፍራም ጥቅሉ አንድ ተኩል ኦም አካባቢ፣ የሌለው ደግሞ ሦስት ኦም አካባቢ ያሳያል። ዋናው ነገር ሲሞቅ ቁጥሩ ድንገት መዝለሉ ነው።

ውሃን ማርቆስ ላይ ክረምት ራሱ ይፈትሽላችኋል። ሐምሌ ጠዋት በጉም የማይነሳ፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚነሳ መኪና ክዳኑ ተሰንጥቋል ወይ ገመዶቹ አርጅተዋል። እሳቱ ወደ ካንዴላው ከመሄድ በእርጥቡ ስንጥቅ ወደ ማሳ ያመልጣል። ከፍታችንም አያግዝም። ማርቆስ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሪክ በአየር ውስጥ ለመዝለል ይቀለዋል። ስለዚህ ታች ያላመለጠ እሳት እዚህ ላይ ያመልጣል። ማታ መብራት አጥፍታችሁ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። ገመዶቹ ላይ ሰማያዊ ክር ሲሯሯጥ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በቀን ደግሞ የክዳኑን ውስጥ እዩ። በእርሳስ የተሠመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ካለ ያ የእሳቱ ማምለጫ ነው። በጨርቅ አይጠፋም፣ ክዳኑን ቀይሩት።

መነቅነቅ ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በእንጨት ነካ ነካ አድርጉ። የባትሪውን ማያያዣ፣ ከሞተር ወደ አካል የሚሄደውን የማሳ ገመድ፣ የፊውዝ ሳጥኑን። ቁልፉንም ወዘወዝ አድርጉት። የቤት ቁልፍ፣ የመጋዘን ቁልፍ፣ መስቀልና የቢራ መክፈቻ አንድ ላይ ከመኪና ቁልፍ ጋር የሚያንጠለጥል ሰው ቁልፍ ቤቱን እየገደለው ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ተነስታ ቁልፉን ስትለቁት ወዲያው የምትጠፋ ከሆነ ሬዚስተሩን እዩ። ሞተሪኖ ሲዞር ቦቢናው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሌላ መንገድ ነው። ሲለቀቅ ነው በሬዚስተሩ የሚያልፈው። አንዳንድ ሰው ሬዚስተሩን በሽቦ ዘሎ ያገናኘዋል። ትነሳለች፣ እውነት ነው። ፑንቲናውና ቦቢናው ግን ዕድሜ አይኖራቸውም።

የሽማግሌው ትንፋሽ

ሙቀት ሞከርኩ። ውሃ ረጨሁ። ነቀነቅሁ። ምንም። ጠዋትም ማታም ሜዳ ላይ ትጠፋለች፣ ቆማ አትጠፋም።

በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ጥግ ላይ፣ ምልክት እንኳ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ኤሌትሪሻን ሄድኩ። ኮፈን አልከፈቱም። በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ጠየቁኝ።

«ዳገት ላይ ትጠፋለች?»

«አትጠፋም፣ ጋሼ። አባይን ወጥታልኛለች።»

«ቆማ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ?»

«በጭራሽ።»

«እግርህን ስታነሳላትስ?»

«ትመለሳለች። ዷ ብላ።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ዳገት ላይ የማይንቀሳቀስ፣ ቆማም የማይንቀሳቀስ፣ ሜዳ ላይ ብቻ የሚንቀሳቀስ ምን አላት?» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ። ጎማ ልል ምንም አልቀረኝም።

ተነሱና «አስነሳት» አሉ። አስነሳኋት። በሚኒሞ እንደ ልማዷ ቆንጆ ትሠራለች። ከካርቡራተሩ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን ቀጭን የጎማ ቱቦ ከካርቡራተሩ በኩል ነቀሉት። ጫፉን በሸሚዛቸው ጠረጉ። አፋቸው ውስጥ ከትተው አየሩን ሳቡ።

ሞተሩ ድርግም አለ።

ቱቦውን ለቀቁ። «ድገማት።» አስነሳኋት፣ ሠራች። ሳቡ፣ ጠፋች። ስድስት ወር የሸሸችኝ ብልሽት በአንድ ሽማግሌ ሳምባ እንደ አምፖል ስትበራና ስትጠፋ ቆሜ አየሁ።

ምክንያቱ አሁን ግልጽ ነው። ሜዳ ላይ ቱቦው ይስባል፣ ሳህኑ ይዞራል፣ ያቺ ቀጭን ሽቦ ትወጠራለች። ሚኒሞ ላይ ግን ቱቦው ካርቡራተሩ ውስጥ የሚከፈተው አየሩን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ቢራቢሮ በላይ ስለሆነ አይስብም። ዳገት ላይም ነዳጅ ተረግጦ መሳቡ ይቀራል። መካኒክ ፊት ስትቆም ጤነኛ የምትሆነው ለዚህ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ቆማ በሚኒሞ ብቻ የምትመረመር መኪና ሳህኗ አይዞርም።

ክዳኑን አነሱ፣ ሮተሩን አወጡ። ሽቦዋ ከላይ ስትታይ ምንም የላትም። ጥቁር ሽፋኗ አልተላጠም፣ ጫፏ ላይ ያለችው ብሎን ጠብቃለች። ፈትተው አወጧትና በሁለት እጃቸው ጫፍና ጫፏን ያዙ። «ጤነኛ ሽቦ ስትስበው አይሳብም» አሉ። ሳቧት። መሃሏ ላይ እንደ ማስቲካ ተለጠጠች። ውስጧ ያለው መዳብ ከዓመታት መታጠፍ ብዛት ተበጥሶ፣ ሽፋኑ ብቻ ነው ይዟት የነበረው። ስትላላ ሁለቱ የመዳብ ጫፎች ይነካካሉ፣ ስትወጠር ይለያያሉ።

ከጣት ግማሽ የማትረዝም ሽቦ ናት። የገዛሁባቸው ሁለት ቦቢናዎች ዋጋ ትዝ አለኝ፣ ዝም አልኩ።

ተራ የቤት መብራት ሽቦ ላቀብላቸው ስል በእጃቸው መለሱኝ። ያ አንድ ወፍራም መዳብ ነው፣ ትንሽ ሲታጠፍ ይሰበራል። እሳቸው ያወጡት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ክሮች ያሉት ልስልስ ሽቦ ነው። ሁለቱን ጫፍ በያጅ በየዱ፣ ሳህኑ ወዲያና ወዲህ ሲዞር እንዳይወጠር ትንሽ አርዝመው አሰሩት። እግረ መንገዳቸውን ፑንቲናውን አዩ። ስስ ብረት ምላጭ አስገብተው ክፍተቱን ለኩ። ለዚህ ሞተር 0.45 ሚሊሜትር ነው የሚሆነው፣ የእኔ በጣም ጠብቦ ነበር። አስተካከሉት፣ ጉብታው ላይ ጥቂት ቅባት ነኩ። የዘንጉን ጫፍ ይዘው ግራና ቀኝ ወዘወዙት፣ ካልዋለለ ገና ደህና ነው አሉ።

ክዳኑ ተመለሰ። አስነሳኋት። ሽማግሌው ቱቦውን እንደገና አፋቸው ውስጥ ከተቱና ሳቡ። ሞተሩ አልጠፋም። እንዲያውም እሳቱ ቀደም ስላለላት ድምጿ ከፍ አለ። አየሩን ለቀቁ፣ ወደ ሚኒሞዋ ተመለሰች። ሳቡ፣ ከፍ አለች። ቱቦውን ካርቡራተሩ ላይ ሰክተው አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና «ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ ሻይ አዘዝልኝ» አሉኝ።